ጥቁሩ ሽቦ

የፀሐዩ ኮምፒዩተር ሐሙስ ዕለት መብራት ሄዶ ሲመለስ ጢስ አወጣ። የጠጄ ልጅ ዕጣ ደግሞ እዚያው ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ነበር።

ጠጄ የአቃቂ ሰው ናት፤ ከየትም አልመጣችም። አባቷ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ዛሬ የብረታ ብረት ፋብሪካ ቆሟል፤ እሷ ግን አጥሩ ሥር በተረፈላት ቁራሽ ላይ ቤቷን ይዛ፣ ባሏን ቀብራ፣ አንድ ልጇን ዮሚፍን ከሰው ሁሉ አስረዝማ አሳድጋለች። ፊደል አልቆጠረችም። ፊደል በቆጠረ ሰው ፊትም አንገቷን ደፍታ አታውቅም።

ያ ርዝመት ነው ጉድ ያፈላው። በዳግማይ ትንሣኤ እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቃሊቲ መንገድ ዳር አንድ መጋዘን ተሰበረ። የመዳብ ሽቦ ተጭኖ ሄደ፤ ዘበኛውም ጭንቅላቱን በብረት ተመታ። ሰውዬው ራሱን ከመሳቱ በፊት «ከጫኞቹ አንዱ ነው፣ ረጅሙ» አለ ተባለ። ዮሚፍ እዚያ መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነው፤ ረጅምም ነው። በቃ። በማግስቱ ፖሊሶች ከቤቱ ወሰዱት።

«ልጄ ያን ቀን ሚዜ ነበር!» ብላ ጮኸች ጠጄ። እውነት ነው፤ ቀናው የሚባለው ጓደኛው ያገባበት ሠርግ ነበር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ በተጣለ ድንኳን። መርማሪው ግን የምስክሮቹን ስም ሲያይ ሁሉም የሠርግ ቤት ሰው ሆነበት። «እናቴ፣ ዘመድ ለዘመዱ ምን እንዲል ይጠብቃሉ?» አላት። ዳኛዋ ትሻል ነበር፤ ሰዓቱ የሚታይበት ምስል ካላችሁ እስከ ማክሰኞ ስምንት ሰዓት አምጡ አለች። ካልመጣ ዮሚፍ ከጣቢያ ወደ ማረሚያ ቤት ይወርዳል። ዘበኛው እስካሁን ዓይኑን አልገለጠም፤ ከሞተ ደግሞ የክሱ ስም ራሱ ይለወጣል።

ምስሉ አለ። ሠርጉን የቀረፀው ፀሐዩ ነው፤ ሥራ ቶሎ ተረክቦ ቀስ ብሎ የሚያስረክብ ሰው። የካሜራውን ካርድ ለሚቀጥለው ሠርግ ሲል አጥፍቶታል። የቀረው አንድ ቅጂ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ባለው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ጨሰ።

ይህ አንዱ ፍርሃት ነው። ሌላውን ጠጄ ለማንም አልተናገረችም። ያን እሁድ፣ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል፣ ለልጇ ጥሩ ሥጋ መርጣ በሳህን ይዛ ወደ ሚዜዎቹ ሄዳ ነበር። አራት ሚዜ ቆሞ አየች። አምስተኛው አልነበረም። ዞር ዞር ብላ ፈለገችው፤ አጣችው። መርማሪው ሲጠይቃት ግን «ከዓይኔ አልጠፋም» ብላ አሻራዋን አኖረች። ልጇንም፣ ስንቅ ይዛ ጣቢያ በተመላለሰችባቸው ቀናት ሁሉ፣ የት ነበርክ ብላ አልጠየቀችውም። ምን ብላ ትጠይቀው? መልሱን ብትሰማስ?

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐዩን ከፊቷ እየነዳች ሐጀራ ሱቅ ገባች። ሐጀራ አቃቂ ገበያ ጎን ስልክና ኮምፒዩተር የምትጠግን የስልጤ ልጅ ናት፤ ሱቋ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጪ የሚቆምበት፣ እጇ ግን ሙያ ያለው።

«እንዴት አደሩ እማማ ጠጄ?»

«አላደርኩም። ይሄን ሰውዬ አምጥቼልሻለሁ። እሱን መጠገን ከቻልሽ እሱን፤ ካልቻልሽ የያዘውን።»

ፀሐዩ ከፌስታል ውስጥ በካልሲ የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

«ካልሲው ታጥቧል ጋሽ ፀሐዩ?» አለች ሐጀራ።

«አንድ እግር ብቻ ነው የተረፈው፤ አልተለበሰም።»

ከካልሲው ውስጥ ጡብ የሚያህል አይባልም፣ የጸሎት መጽሐፍ የሚያህል ከባድ ብረት ወጣ። ጠጄ አየችው። ልጅ ወልዶ ያሳደገ ሰው ይህችን ብረት ሲለምን ይውላል እንግዲህ።

«እሳቱ ዲስኩን ላይነካው ይችላል» አለች ሐጀራ። «የጨሰው መብራት የሚያከፋፍለው ክፍል ነው። ዲስኩን ብቻውን ኬዝ የሚሉት ማቀፊያ ውስጥ ከትተን፣ በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተን እናነበዋለን።»

«ታዲያ ክተቺዋ። ምን ታወሪኛለሽ?»

ሐጀራ መጀመሪያ የነበራትን ትንሽ ኬዝ ሞከረች። ዲስኩ ከኬዙ ተርፎ እንደ ሰካራም እግር ውጪ ተንጠለጠለ፤ ጥርሱ ግን ገጠመ። ገመዱን ላፕቶፑ ላይ ሰካችው። ጆሮዋን አስጠጋች። ጠጄም አስጠጋች። ዲስኩ ጭጭ።

«ሞተ?» አለች ጠጄ።

«አልሞተም፤ ጉልበት አጥቶ ነው። ላፕቶፑ በገመዱ የሚሰጠው መብራት ለትንንሾቹ ነው የሚበቃው። ይሄ ትልቅ ነው፣ የራሱን መብራት ይፈልጋል፤ አሥራ ሁለት ቮልት።» ከመደርደሪያ ሥር አንድ ትልቅ ኬዝ ጎተተች፤ አቧራውን እፍ አለችው። «ኬዙ ይኸው። አዳፕተሩ ነው የጠፋው።»

ፀሐዩ ሰው ሊያስደስት ቸኩሎ የላፕቶፑን ቻርጀር ከግድግዳው ነቀለና ጫፉን ኬዙ ቀዳዳ ላይ ደገነው። «ይኸው ልክ ነው! ይገባል እኮ!»

ሐጀራ እጁን በመፍቻ መታችው። «ያረሱለላህ! አሥራ ዘጠኝ ቮልት ነው! የገባ ሁሉ ልክ ነው ያለህ ማነው? አንዴ ብትሰካው አልቋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያወጣውም።»

ፀሐዩ እጁን እያሸ ወደ ኋላ አለ። ጠጄ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ስድብ የማይጠፋት ሴት ዝም ስትል ያስፈራል፤ ፀሐዩ እስከ በሩ ድረስ አፈገፈገ። እሷ ግን እያሰበች የነበረችው ሌላ ነበር። «አንዴ ብትሰካው አልቋል» የሚለው ቃል ሲነገር ውስጧ የሆነ ነገር ቀለል ብሏት ነበር። ለቅጽበት ነው። ግን ቀለላት። በራሷ ደነገጠች።

ሐጀራ ከጎረቤቷ ከኑሪ ሱቅ የቴሌቪዥን ዲኮደር አዳፕተር ተበድራ መጣች። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበበች፤ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ሁለት አምፔር። «ቢስሚላህ» ብላ ሰካችው። ኬዙ ላይ ሰማያዊ መብራት በራ፤ ዲስኩም ከእንቅልፉ እንደሚነሳ ድመት ማጉረምረም ጀመረ። ሐጀራ ፈገግ አለች። ፀሐዩ ተመለሰ። ላፕቶፑ ላይ አንድ ነገር ብቅ ሊል ሲል ከፊት ያለው ጸጉር ቤት ውስጥ የነበረው ሬድዮ ቀጥ አለ።

መብራት ሄደ።

አቃቂ ላይ መብራት ሲሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማማረር አይደለም፤ መንቀል ነው። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ምጣዱ፣ ሁሉ ይነቀላል፤ ሲመለስ እንደ እብድ በሬ ነውና የሚመለሰው። በመደዳው ያለ ሱቅ ሁሉ ቷ፣ ቷ እያለ ሶኬቱን ሲነቅል ሐጀራም አዳፕተሯን ነቀለች። ላፕቶፑ ባትሪ አለውና አልጠፋም፤ የሚያሳየው ነገር ግን አጣ። ዲስኩ እየተንሰቀሰቀ ቆመ።

«እንዲህ በድንገት ሲሞት ደግ አይደለም» አለች ሐጀራ፣ ለራሷ ያህል። «ውስጡ የምትዞር ሳህን አለች፤ በላይዋ የምትንሳፈፍ መርፌ አለች። ደጋግሞ ከተቋረጠ መርፌዋ ሳህኗን ትፍቃታለች።»

«ስንት ጊዜ ይችላል?»

«አላውቅም እማማ። አንድም ሊሆን ይችላል፣ መቶም።»

ጠበቁ። አራት ሰዓት ሆነ፤ አራት ተኩል። ጠጄ በሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ትገምዳለች፣ መልሳ ትፈታለች። የዮሚፍ ስልክ እሷ ጋ ነው፤ በጮኸ ቁጥር ዘበኛው ሞተ ሊሏት ይመስላታል። አንድ ጊዜ ጮኸ፤ የሎተሪ ማስታወቂያ ነበር። ለፀሐዩ ሰጠችውና «አንተ ያዘው፤ ልቤን ጨረሰው» አለች።

አምስት ሰዓት ላይ መብራቱ መጣ። ፀሐዩ «መጣ! መጣ!» ብሎ ዘለለ። ሐጀራ አዳፕተሩን ደረቷ ላይ ይዛ አልነቃነቅም አለች፤ መቶ እቆጥራለሁ ብላ ነበርና። አርባ ሳትደርስ ጸጉር ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ድው አለ፣ አምፖሉ ተበተነ፣ መብራቱም ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ወጣ።

«ቢሰካ ኖሮ?» አለች ጠጄ።

ሐጀራ አዳፕተሩን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ፀሐዩ እህል ወፍጮው ጋ ጄኔሬተር አለ አለ። «ያ ወፍጮ በተነሳ ቁጥር መብራቱ የሚያዛጋ ጄኔሬተር? አላደርገውም» አለች ሐጀራ። ስድስት ሰዓት አለፈ። ስድስት ተኩል ሲል ጠጄ ለፍርድ ቤት የተዋዋለችው ባጃጅ መጥቶ ሱቁ ፊት ቆመ፤ ዘፈኑን ለቆት መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ሾፌሩ አያና የሰፈሯ ልጅ ነው።

«አዴ ጠጄ፣ እንሂድ? መንገዱ ዝግ ነው፣ ከባድ መኪና ተሰልፏል።»

ባዶ እጇን ልትሄድ ነው። የበሩን ብረት ያዘች። ከዚያ የምትናገረው ሲጠፋት የምታደርገውን አደረገች፤ ተቆጣች።

«መጀመሪያ ያን ጩኸት ዝጋ! አገሩ ሁሉ መብራት የለም እያለ የአንተዋ ጋሪ ከየት አምጥታ ነው የምታስጨፍር?»

«ከባትሪው ነዋ አዴ፣ ከየት ይሆናል?»

ሐጀራ ከወንበሯ ተነሳች። «ባጃጅ ስንት ቮልት ነው አያና?»

«አሥራ ሁለት። ምነው?»

ከዚያ ወዲያ ሐጀራን የያዛት የለም። ከሞተ አዳፕተር ላይ ገመዱን ከነጫፉ ቆረጠች፣ በጥርሷ ላጠች፣ በቴስተር የትኛው የትኛው እንደሆነ ለየች። የሾፌሩን ወንበር አስነሳች። ቀዩን ሽቦ ባትሪው ላይ በብሎን አሰረችው። የጥቁሩ ወገን ብሎን ግን ተበልቶ ኖሮ አልይዝ አለ።

«ቁልፉን ንቀልና ስጠኝ» አለችው አያናን። «ሞተር ከተነሳ ቮልቱ ይዘላል። ይሄን ጥቁሩን ደግሞ አንዱ ሰው በእጁ ተጭኖ መያዝ አለበት። አይነዝርም። ግን ከተንቀሳቀሰ ይቋረጣል፤ ከተቋረጠ ደግሞ… ነግሬያችኋለሁ።»

ፀሐዩ እጁን ዘረጋ።

«ዞር በል» አለችው ጠጄ። «የልጄን ነገር ሰው አይይዝልኝም።»

መንገድ ላይ ተንበርክካ፣ አውራ ጣቷን በሽቦው ላይ አድርጋ ባትሪውን ተጫነችው። ላፕቶፑ የተሳፋሪው ወንበር ላይ ነው፤ ኬዙ አጠገቡ። ሰማያዊው መብራት በራ። ዲስኩ አጉረመረመ። አንድ ጊዜ ቀጭ አለ፤ ሐጀራ ትንፋሿን ዋጠች። ሁለተኛ ቀጭ አላለም። ላፕቶፑ ላይ የሠርጉ ምስሎች እንደ ተዘራ ባቄላ ተደረደሩ።

«ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ያለውን ክፈት» አለች ሐጀራ ፀሐዩን። «ቶሎ በል፣ የላፕቶፑም ባትሪ እያለቀ ነው።»

ድንኳኑ መጣ። ሙዚቃው ከላፕቶፑ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ሙሽሮቹ፣ ከጎናቸው ሚዜዎቹ፣ ዮሚፍ ከሁሉ በላይ በአንድ ጭንቅላት ረዝሞ እስክስታ ሲመታ። ጥጉ ላይ ሰዓቱ አለ። «በፈረንጅ ነው» አለ ፀሐዩ፤ «በኛ ስምንት ከሃምሳ መሆኑ ነው። አያችሁ? አለ!»

«ዘጠኝ ተኩልን ነው የምንፈልገው» አለች ሐጀራ።

ፀሐዩ ሌላ ከፈተ። ዘጠኝ ከአሥር። ሚዜዎቹ ተሰልፈው ፎቶ ይነሳሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

አያና አንገቱን አስግጎ ያይ የነበረው ቀና አለ። ፀሐዩ ሌላ ከፈተ፤ ዘጠኝ ከሃያ። ካሜራው በእንግዶቹ ላይ ይዞራል፤ የሚጎርሱ አፎች፣ የሚያነሱ ብርጭቆዎች። ጠጄ ራሷን አየች፤ ሳህን ይዛ፣ አንገቷን ወዲያና ወዲህ እያዞረች፣ ልጇን ስትፈልግ። የፈለገችው እዚያ ነበር፤ ያጣችው እዚያ ነበር። አሁን የዓለም ሰው ሁሉ ሊያየው ነው። ዳኛዋ ልታየው ነው። «ከዓይኔ አልጠፋም» ያለችበት ወረቀትም አለ።

ሐጀራ ቀስ ብላ «እማማ… ዮሚፍ የት ሄዶ ነው?» አለች።

ጠጄ አውራ ጣቷን አየችው። አሮጌ ጣት ነው፤ ሲያረጅ ይንቀጠቀጣል። ማንም አሮጊትን ለምን እጅሽ ተንቀጠቀጠ አይላትም። ትንሽ ብታነሳው፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ መርፌዋ ሳህኗን ትፍቃታለች፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያወጣውም። ያኔ «ልጁ አልነበረም» የሚል ሳይሆን «ማስረጃው ተበላሸ» የሚባል ነገር ብቻ ይቀራል። ያ ዘበኛ የማን አባት እንደሆነ አታውቅም። እሱም የተኛበት አልጋ አጠገብ አንዲት ሴት ተቀምጣ ይሆናል። ልጇ ነው የመታው? እሷ ያጠባችው፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞረው? ወይስ ያን ያህል አታውቀውም?

የሲሚንቶ መኪና በአጠገባቸው እየጮኸ አለፈ፤ ባጃጁ ተወዛወዘ። ሰማያዊው መብራት አንድ ጊዜ ፈዘዘ።

«እማማ! ይያዙት!»

ያዘችው። በሌላ እጇ ጭምር፣ ጥፍሯ እስኪነጣ ድረስ ተጫነችው። «ቀጥል» አለችው ፀሐዩን። «ጨርሰው። ያለውን ሁሉ አሳየኝ።»

«ከዚህ በኋላ ያለው ጓዳው ብቻ ነው…»

«አሳየኝ አልኩህ!»

የሠርግ ቪዲዮ ደንብ አለው። ወጥ ሠሪዎቹ ካልተቀረፁ ሠርጉ በሰላም አይበተንም፤ ማን ሽንኩርት ከተፈ፣ ማን ቆሞ ዋለ ተብሎ ዓመት ሙሉ ይወራል። ስለዚህ ፀሐዩ እንደሌሎቹ ሁሉ ካሜራውን ይዞ ጓዳው ድንኳን ገብቶ ነበር። ሴቶቹ ጭልፋቸውን አንስተው እልል አሉ። ካሜራው በድስቶቹ ላይ ዞረ። ጥግ ላይ፣ በተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ፣ አንድ ረጅም ሰው ተቀምጧል። ከወገቡ በላይ ኮቱና ከረባቱ፤ ከወገቡ በታች የወጥ ቤት ሽርጥ። ከፊቱ የሙሽራው አክስት ወርቅውሃ ሱሪውን ጭኗ ላይ ዘርግታ በመርፌ ትጠቅማለች። ለካ እስክስታው የኪራይ ሱሪውን ከኋላ እስከ ፊት ተርትሮታል።

«ሰባት አልጋ የማይበቃው ቁመት ይዘህ የአጭር ሰው ሱሪ ተከራየህ!» ትለዋለች ወርቅውሃ፤ ሴቶቹ ይስቃሉ። ዮሚፍ ካሜራውን ሲያይ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ በጣቶቹ መካከል አየ፤ እሱ ነው፤ የማንም አይደለም ያ ዓይን።

«ዘጠኝ ከሃያ ሰባት» አለ ፀሐዩ። ካሜራው ድስቱን፣ ጠላውን፣ ሴቶቹን አዳርሶ ሲመለስ ልጁ እዚያው ነበር፤ ሱሪውም አላለቀም። «ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት! ኧረ እሰይ! ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት!»

አያና ባጃጁን በጥፊ መታ። ሐጀራ «አትምታው!» ብላ ጮኸችበት፤ እያለቀሰች ነበር። አንድ ፍላሽ ሰክታ መገልበጥ ጀመረች። አራት ደቂቃ ይፈጃል አለ ላፕቶፑ። ጠጄ አራቱንም ደቂቃ ተንበርክካ፣ ሽቦውን ተጭና ቆየች። የፍርሃቱ ጊዜ ያለፈ መስሏቸው ሦስቱ ይሳሳቃሉ፤ ፀሐዩ ጭራሽ ሱሪው ላይ ቀልድ ጀምሯል። እሷ ግን እጇን ነበር የምትፈራው። ያን ነገር ልታደርግ የነበረች እጅ ነች፤ አሁንስ በምን ታምናታለች?

ስምንት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። የጽሕፈት ቤቱ ሰው ፍላሹን ኮምፒዩተሩ ላይ ሲሰካ ጠጄ ጣራው ላይ ያለውን አምፖል ዓይኗን ሳትነቅል አየችው፤ አልጠፋም። ዳኛዋ ጓዳውን ሁለት ጊዜ አየችው። በሁለተኛው አፏን በወረቀት ከለለች። ከዚያ መርማሪው ይህን መርምሮ እንዲያቀርብ፣ ልጁም በዋስ እንዲወጣ አዘዘች። ክሱ ገና አልተዘጋም። ዘበኛውም ገና ዓይኑን አልገለጠም።

ዋሱ ተፈርሞ ሲያበቃ ዮሚፍ ቀበቶና የጫማ ማሰሪያ በእጁ ይዞ ከጣቢያ ወጣ። ከስቷል።

«ሱሪው ታየ አይደል?» አለ፤ ሊስቅ ሞከረ።

«ታየ።»

«ጓዳ እንደነበርኩ ብናገር መርማሪው ሳቀብኝ። ሱሪ ሲሰፋልህ ዘበኛ ተመታ? አለኝ። እኔ ደግሞ አንቺን ጠበቅኩሽ። ትጠይቀኛለች፣ ወርቅውሃን ፈልጋ ታመጣታለች ብዬ። ስንት ቀን መጣሽ፣ የት ነበርክ ብለሽ አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም እኮ እማዬ። ለምን?»

ጠጄ ለመልስ የምትቸገር ሴት አልነበረችም። ዋሽታ ታልፈው ነበር፤ ወይ ትቆጣው ነበር። አፏን ከፈተች፤ የመጣላት ግን በዕድሜዋ ለማንም ያላለችው ቃል ነው።

«ፈርቼ።»

የፈራችው እሱኑ ጠርጥራ እንደሆነ ዮሚፍ ሲገባው ፊቱ ላይ ታየ። ጎንበስ ብሎ ባጃጁ ውስጥ ገባ፤ እሷ ከኋላ ቦታ ለቃለት ሳለ ከፊት፣ ከአያና ጎን፣ ጠቦ ተቀመጠ።